ጉም ሊያዩ የመጡ

ሐምሌ ሲገባ፣ ሳላላ በካፊያ ስትርስ፣
ከኩዌት፣ ከቡረይዳ፣ ከማናማ ድረስ
መኪናው በሰልፍ አሸዋ አቋርጦ፣
ሰው ይመጣል ወደኛ፣ ከእቶኑ አምልጦ።
ጉም ሊያይ ነው፤ እንዳትስቁ፤ ሥራውን ጥሎ፣
አልጋውን በግንቦት በዕጥፍ ዋጋ ከፍሎ።

እኔ ጣርማ በር ላይ ጉም ያሳደገኝ ልጅ፣
ወንድሜን በክረምት በሳሉ ነው እንጂ
በመልኩ የማላውቅ፣
እዚህ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ቆሜ፣
ደረቴ ላይ ስሜ
ተከርክሞ ተለጥፏል፤
«የውብዳር» ቢረዝምባቸው «ዳር»ን አስቀርተዋል።
በነሱ ቋንቋ ቤት ነው።
በኛ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሻንጣ ሳያወርዱ ስልክ ይዘረጋሉ፤
«ይቺ ቦታ የት ናት?» ይላሉ።
ዳርባት ነው፤ ፏፏቴው፤ ዐሥራ አምስት ሰከንድ፤
ነጭ የለበሰች ሴት በሣሩ መንገድ
ጀርባዋን ሰጥታን፣ እጇን ወደ ኋላ
ለማይታይ ሰው ዘርግታ፣ በጉሙ ተከልላ።
«ፏፏቴው ዘንድሮ የለም» እላለሁ ቀስ ብዬ፣
እንደ ጥፋተኛ ዐይኔን ከመሬት ጥዬ፤
«ያ የማዕበሉ ዓመት ነበር። ያሁኑ ካፊያ ነው።»

አንዱ ይቆጣል፤ «ዋሹን!» ጠረጴዛዬን መትቶ፤
እሱው ራሱ ማታ፣ ከደረቁ ገደል ሥር ፎቶ ተነሥቶ፣
የሚወርድ ውሃ ድምፅ ከሌላ ቦታ አምጥቶ
ይለጥፍበታል።
የሻርጃው ወጣት ይስቃል፤ «ማጋነናቸውን መች አጣሁት፣
ሽርሽር ሳይሆን ከቤት መውጫ ምክንያት ነው የገዛሁት።»
የባህሬን ሙሽሮች ስልኩን ከሣሩ እያስተያዩ
ሴትዮዋ የቆመችበትን ጫፍ ይፈልጋሉ።
አይቸግርም፣ ይገኛል፤
ተራ ጠባቂ ረግጦት ረግጦት ሣሩ እዚያ ላይ ተመልጧል።

ኡም ሙሳዒድ ግን፣ ቁልፏን እየተቀበለች፣
«ማስታወቂያቸውንማ ማን ያምናል» አለች፤
«አንድ የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ አየሁ፣ የማላውቀው ቤተሰብ፣
መኪና ውስጥ፣ መስተዋቱን ወርሶት ላብ፤
ልጁ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ‹በረደኝ› ይላል።
ልጅ ተከፍሎት አይበርደውም።
ተነሥቼ መጣሁ።»

ያልነገርኋት፤
የሆቴሉን ቪዲዮ የማነሣው እኔ ነኝ።
አለቃዬ ቢጁ ከኋላዬ ቆሞ፤
«ጄኔሬተሩ ገብቷል፣ ትንሽ ወደ ግራ ነይ፤
ቆሻሻ ገንዳው፣ ድመቶቹ... አየሽ ወይ?»
አያለሁ። ምን ሲቀር ምን እንደሚያምር ለምጃለሁ።
በዚያው እጄ ለእህቴ፣ ለትርንጎ፣ እሑድ እሑድ እልካለሁ
የመዋኛውን ዳር፣ የኮኮናቱን ጥላ፤
ስድስት ሆነን የምናድርበት ክፍል ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ።
«ገነት ነው የገባሽው» ብላ ጻፈች በቀደም፤
«ፓስፖርት አወጣሁ።»
እስካሁን አልመለስሁም።

ትናንት ማለዳ እንግዶች አጅቤ ኢቲን ተራራ ላይ
ዋናው ጉም ወረደ።
መንገዱን ወሰደ፣ መኪናውን ወሰደ፣
ሰው የዘረጋውን የገዛ እጁን ወሰደ።
ስልኮች ተነሡ። ነጭ።
ጠርገው እንደገና አነሡ። ነጭ።
አንዱ ተሳደበ፤ አንዷ ባሏን ጠራች፤
ኡም ሙሳዒድ የት እንደቆመች እንጃ፣ ትስቃለች፤
«በረደኝ፣ ኧረ በረደኝ!» ትላለች።
እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ፣ ዐለቱን በእጄ ዳበስሁ፤
እርጥብ ነው፤ ቤቴ ይሁን ዳር ሳልለይ ቆምሁ።

ከጉሙ ውስጥ፣ ቅርብ፣
አንድ ሰው ሳለ።

ዞርሁ።